የቪየናው ዚተር ደርዳሪ

የሲኒማ ሙዚቃ በሆሊውድ ሥርዐት ይዞ በጸናበት ዘመን ከቪየና የተነሡ ሊቃውንት ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1888 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚያች ከተማ የተወለደው ማክስ ስታይነር በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ»፥ በዚያው ያደገው ኤሪክ ኮርንጎልድም በ1938 ስለ ሮቢን ሁድ ለተሠራው ፊልም የደረሱት ሙዚቃ፥ ተዋናዩ ሲያዝን አብሮ የሚያለቅስ፥ ሲዋጋም አብሮ የሚፎክር ሙሉ ኦርኬስትራ ለሲኒማ የግድ አስፈላጊ መስሎ እንዲታይ አደረገ። እንግዲህ እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ ካሮል ሪድ በ1948 በአራት መንግሥታት ጦር ተከፋፍላ፥ ከፊል አካሏ ፈርሶ ወደ ነበረችው ቪየና ሄዶ «ሦስተኛው ሰው» የተባለውን ፊልም ሲያነሣ፥ ከተማይቱ ለዓለም ያበረከተችውን የኦርኬስትራ ጥበብ፥ ስሟ የተጠራበትንም የቫልስ ዜማ ትቶ፥ ከወይን ቤቶቿ አንድ ዚተር ደርዳሪ መምረጡ ታላቅ ድፍረት ነበር።

ሰውዬው አንቶን ካራስ ይባላል። በ1906 ከፋብሪካ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በ12 ዓመቱ ከአያቱ ቤት ቆጥ ላይ አሮጌ ዚተር አገኘና ያን ጊዜ ልቡ በመሣሪያው ተማረከ። አባቱ የቁልፍ ሠሪነት ሙያ እንዲለምድ ቢያደርገውም ማታ ማታ ሙዚቃ መማሩን አልተወም፤ በ1925 ሥራ ባጣ ጊዜም የዓመቱን አዲስ ወይን በሚሸጡት ቤቶች እየተጫወተ ማደር ጀመረ፥ ከአባቱም የበለጠ ገቢ አገኘ። በጠጅ ቤት እንደሚጫወት የአገራችን አዝማሪ፥ የእርሱም ዕጣ ሰው እየበላና እየጠጣ በግማሽ ጆሮ ለሚሰማው ጉባኤ መጫወት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ሩስያ ግንባር ሲዘምት እንኳ ዚተሩን አልተለየም።

ዚተር በጠረጴዛ ላይ የሚጋደም፥ ከሠላሳ የሚበልጡ አውታሮች ያሉት ጠፍጣፋ መሣሪያ ነው። ግራ እጅ በወዲህ በኩል ያሉትን ጥቂት አውታሮች እየተጫነ፥ በቀኝ አውራ ጣት ላይ የጠለቀው ቀለበት ዜማውን ሲመታ፥ የቀሩት የቀኝ እጅ ጣቶች በዚያው ቅጽበት የቀሩትን አውታሮች እየነኩ አጃቢውንና ጐርናናውን ድምፅ ያሰማሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን መሪም ተከታይም ይሆናል። ሪድ ኦርኬስትራን ያህል ነገር ለመተው የቻለበት ምክንያት፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ከዚህ የመሣሪያው ጠባይ የሚመነጭ ነው።

ካራስ ወደ ሎንዶን ተጠርቶ በሪድ ቤት ተቀመጠ፤ ቤተ ሰቡን እየናፈቀ፥ 12 ሳምንት ያህል ፊልሙን እየተመለከተ ከእያንዳንዱ ትርኢት ጋር የሚስማማውን ዜማ ሲፈልግ ሰነበተ። የለመደው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ድካም የሚጫወታቸውን የታወቁ ዘፈኖች ነበር፤ አሁን ግን ዜማው ከሥዕሉ ጋር ተነሥቶ ከሥዕሉ ጋር እንዲያርፍ ተፈለገበት። የፊልሙ ዋና ዜማ ራሱ፥ ካራስ እንደ ተናገረው፥ 15 ዓመት ሳይጫወተው የቆየ ነበር፤ ጣትን እጅግ ያደክማል፥ በወይን ቤት ደግሞ ቆሞ የሚያዳምጥ የለም።

በ1949 ፊልሙ ሲወጣ ከመጀመሪያው የሚታዩት የሚርገበገቡት የዚተሩ አውታሮች ናቸው። ግራሃም ግሪን የደረሰው ታሪክ የተበረዘ ፔኒሲሊን እየሸጠ ሕፃናትን ስለሚያስፈጅ ነጋዴ የሚናገር ነው፤ ዚተሩ ግን አያለቅስም። በፈረሱት ቤቶች መካከል ከሞላ ጐደል በደስታ ይራመዳል፥ ተመልካቹም ምን እንዲሰማው አይታዘዝም። ይህ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በመጨረሻው ትርኢት ነው፤ በመካነ መቃብር ረጅም ጐዳና አንዲት ሴት ከሩቅ እየመጣች፥ የሚጠብቃትን ሰው ሳታየው ስታልፍ፥ ቃል የሚናገር የለም፥ ካሜራውም አይንቀሳቀስም፤ ያን ረጅም ጊዜ ሁሉ የሚሸከመው የካራስ እጅ ብቻ ነው። ኦርኬስትራ ቢሆን ኖሮ ይራራላቸው ነበር፤ ትርኢቱም ይበላሽ ነበር።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ዜማውም በ1950 በአሜሪካ ለ11 ሳምንታት ከሸክላዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ካራስ በነገሥታት ፊት ተጫወተ፤ ነገር ግን የሲኒማ ሙዚቃ ደራሲ ሆኖ መኖርን አልመረጠም። ወደ ቪየና ተመልሶ በሲቨሪንግ ሰፈር በፊልሙ ስም የራሱን ወይን ቤት ከፈተ፥ እስከ 1966ም እዚያው ሠራ። በጥር 1985 በ78 ዓመቱ ዐረፈ፤ ካቆያቸው ሥራዎች ሁሉ ዓለም የሚያውቀው የዚያን የ12 ሳምንት ድካም ፍሬ ነው።