ግምትና ጥናት፤ የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ለተመራማሪ የሚሰጠው ትምህርት



የአንድን አገር ሕዝብ ኑሮ ለማሻሻል የሚነሣ ሁሉ፥ መንግሥትም ቢሆን፥ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ቢሆን፥ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣትም ቢሆን፥ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይኸውም «ይህን ሕዝብ በምን ዐውቀዋለሁ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው ግምት ሲሆን ሁለተኛው ጥናት ነው። ግምት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይገኛል። ጥናት ግን መንገድ መሄድን፥ መጠየቅን፥ መስማትን፥ የሰሙትንም መልሶ መመርመርን ይፈልጋል። የሁለቱ ልዩነት የቃል ልዩነት ብቻ አለመሆኑን፥ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚያደርስ መሆኑንም ከሚያስረዱት የአገራችን ታሪኮች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ የተፈጸመው ነው።

ቢቸናና ሞጣ በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል በተዘረጋው አገር የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በዘመነ ንጉሠ ነገሥት ሁለቱም የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩ። በዚህ አገር መሬት ማለት ርስት ማለት ነበር። ርስት ደግሞ እንደ ሸቀጥ በገበያ የሚለወጥ የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል መወለዱን ማስረዳት የሚችል ሁሉ ድርሻ ይገባኛል ለማለት መብት ነበረው። ስለዚህ አንድ ገበሬ «መሬትህ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይሆንለትም። አንዱ ማሳ ከአባቱ ወገን፥ ሌላው ከእናቱ ወገን የተገኘ ይሆናል፤ ሦስተኛው በሚስቱ በኩል የመጣ ነው፤ በእጁ ሳይገባ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ገና የሚከራከርበትም ድርሻ አይታጣም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የተነገረው ከዚህ ኑሮ ተነሥቶ ነው። ገመድ የሚጥል ሰው የማሳውን ስፋት ይለካል እንጂ ትውልዱን አይለካም።

ከጠላት ወረራ በኋላ የመጡት የግብር ዐዋጆች ግን የተጻፉት መሬት ሁሉ በስፋቱና በልማቱ እንደሚታወቅ ሆኖ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለው። የጎጃም ሕዝብ ይህን ልኬታ አልቀበልም በማለቱ በቀድሞው ልማድ ቁርጥ ግብር እንዲከፍል ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት በጥር ወር፥ በወረራው ዘመን የቢቸናን አርበኞች መርተው የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ይህም በአካባቢው ሰው ልብ ውስጥ ቁስል ሆኖ ቀረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የመሬት ልኬታው ነገር እንደ ገና ሲነሣ ዳግመኛ ሁከት ተነሣ። እንግዲህ በ1960 ዓ.ም. ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የተላከ ባለሥልጣን፥ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ወዳለ ሕዝብ መሄዱ ነበር።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ የቀድሞውን የአሥራት ክፍያ አስቀርቶ፥ እያንዳንዱ ሰው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሕ የሌለው አይመስልም፤ ብዙ ያለው ብዙ፥ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል የሚል ነውና። ችግሩ የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ በምን ይታወቃል የሚለው ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ ገና አልተደረገም፤ የመጀመሪያው አጠቃላይ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ዕውቀቱ ስላልነበረ ቦታውን እንዲሞሉ የታዘዙት የግብር ገማቾች ሆኑ። የሥራቸው ስም ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል፤ የተላኩት ሊገምቱ እንጂ ሊያጠኑ አልነበረም።

ገማቾቹ ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ገጠር ሲወርዱ ሕዝቡ አላስገባም አለ። እምቢታው ቀስ በቀስ ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ ሌሎቹም አውራጃዎች ተዛመተ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ፤ በአስተዳደራቸው ላይ ሕዝቡ ያደረበት ቅሬታም ነገሩን አባባሰው። ፖሊስና ጦር ተላከ፤ በመጨረሻም የአየር ኃይል አውሮፕላኖች በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ከብት አለቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደራሴው ከጎጃም ተነሥተው በሌላ ተተኩ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ከብዙ ደም በኋላ የተገኘው ውጤት፥ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ያለ ደም ሊታወቅ ይችል የነበረው ነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚያን ጊዜ የገበሬውን እምቢታ ከድንቁርና የመጣ አድርገው ቆጥረውት ነበር። ነገሩን መርምሮ ላየው ሰው ግን ፍርሃቱ ማስረጃ ነበረው። በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች መሬት በቃላድ በተለካ ጊዜ፥ ለአገሩ ባላባት ሲሶው ብቻ ተትቶ የቀረው ለመንግሥት፥ ለወታደርና ለሹም ተከፋፍሏል፤ ብዙ ገበሬም በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኗል። የጎጃም ገበሬ ይህን ሰምቷል። ስለዚህ የሰብሉን ግምት የሚጽፍ ሰው ባየ ጊዜ፥ ዛሬ እህሉ ተገመተ፥ ነገ መሬቱ ይለካል፥ ከነገ ወዲያ ርስቱ ይሄዳል ብሎ አሰበ። ጥሩ ተመራማሪ የሰውን ፍርሃት እንደ እንቅፋት አይቆጥረውም። ፍርሃቱ ራሱ መጠናት ያለበት ጉዳይ ነው፤ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ነገር የደረሰው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ ዊልያም፥ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፥ ቀድሞ የማን እንደ ነበረ፥ ስንት ማረሻ እንደሚሠራበት መልእክተኞች ልኮ በየወረዳው አስጠየቀ። መልእክተኞቹ የአገሩን ሰዎች እያስማሉ መልሱን ጻፉ። ሕዝቡ መጽሐፉን ይግባኝ ከሌለው ከመጨረሻው የፍርድ ቀን ጋር አመሳስሎ በዚያው ስም ጠራው። መዝገቡ ዛሬ ለታሪክ ጸሓፊዎች ትልቅ ሀብት ነው፤ ለተመዘገበው ገበሬ ግን የፍርድ መጽሐፍ ነበር። ለግብር ተብሎ የሚጠየቅ ጥያቄ መቼም ቢሆን እንደ ተራ ጥያቄ አይሰማም።

በ1960 ዓ.ም. ዕውቀት ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የየአገሩን የመሬትና የግብር ሥርዐት ሰብስበው ነበር። ገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅም በ1948 ዓ.ም. የመሬትና የግብር ስሞችን የሚያስረዳ መጽሐፍ አውጥተዋል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ አለን ሆበን ከዐመጹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በደጋ ዳሞት ከገበሬው ጋር ተቀምጦ የርስትን ሥርዐት አጥንቷል፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ከዐመጹ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የጎጃምን የመሬት ይዞታ የሚገልጸውን ሪፖርት ያወጣውም እንዲሁ ከዐመጹ በኋላ ነው። ዐዋጁ ቀደመ፤ ጥናቱ ተከተለ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ታሪኩ ምናልባት ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ትምህርቱ ወዲያውኑ አልተወሰደም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፥ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶችና ሴቶች መሬት አግኝተዋል። ነገር ግን በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩና ይዞታቸው ከአራት ጥማድ፥ ማለት ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ለሌላው ግን እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቅዶ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ይህ ብዙ ቤተ ሰብን አስለቅሷል፤ አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ የሄዱም ነበሩ። ለተመራማሪ የሚታየው ነገር ይህ ነው። «ቢሮክራሲ» የሚለው ስም ገበሬው ጎረቤቱን የሚጠራበት ስም አልነበረም፤ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ነው። ሰውን በማያውቀው ስም የሚመድብ መዝገብ፥ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ፍርዱ ይጣመማል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በክልሉ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ተጀመረ። ከሙከራዎቹ አንዱ በምሥራቅ ጎጃም በአዲስና ጉሊት የተካሄደው ነው። በዚህ ጊዜ መሬቱን የለካው ከሩቅ የመጣ ገማች ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ የመረጠው ኮሚቴ ገመድ ይዞ ወጣ፤ አዋሳኞቹ በድንበሩ ላይ ቆመው መሰከሩ፤ የተጻፈው ዝርዝር ለሕዝብ ቀርቦ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ተሰጠ። አባቶቻቸው የልኬታ ገመድን በጠመንጃ የመለሱ ገበሬዎች ገመዱን ራሳቸው ያዙት። ጉድለት አልነበረውም አይባልም፤ ቢሆንም የሥራው አካሄድ በመለወጡ የሕዝቡ መልስ ተለወጠ።

እንግዲህ ወደ ገጠር ለጥናትም ሆነ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሄድ ወጣት ከዚህ ታሪክ አራት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ከመሄዱ በፊት ያነብባል። ከእርሱ በፊት የጠየቀ፥ የጻፈ፥ ወይም የተሳሳተ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ደብተሩን አይገልጥም።

ሁለተኛ፥ ለምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይናገራል። ገበሬው ግብር ይመጣብኛል ብሎ ከጠረጠረ ከብቱን ያሳንሳል፤ እርዳታ ይመጣል ብሎ ከጠበቀ ልጁን ያበዛል። ይህ ውሸታምነት ሳይሆን ብልህነት ነው። ስሕተቱ ያለው ጥያቄው በቀረበበት መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛ፥ በአገሩ ቃልና በአገሩ መስፈሪያ ይጠይቃል። «ስንት ሄክታር አለህ?» ከማለት «ስንት ጥማድ ታርሳለህ? የማንን ድርሻ?» ማለት ይሻላል።

አራተኛ፥ በአንድ ምስክር አይወሰንም። በጎጃም ባለርስቱን ብቻ የጠየቀ ሰው፥ ሁሉም በአያቱ መሬት ላይ እኩል የሚኖር ይመስለዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ በ1996 ዓ.ም. በታተመው ጥናታቸው፥ የቆዩ የመሬት ሰነዶችን መርምረው በምሥራቅ ጎጃም ርስት የሌለው፥ በጌታ ሥር የሚያገለግል «ዜጋ» የሚባል ወገን እንደ ነበረ አሳይተዋል። ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቀጥቃጩ፥ ባሏ የሞተባት ሴት በሸንጎ ፊት ብዙ አይናገሩም። ተመራማሪው እስከ ቤታቸው ካልሄደ ድምፃቸው በሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም።

አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ በየቀበሌው መጠይቅ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ነው። ስለ ጤና፥ ስለ ውኃ፥ ስለ ትምህርት፥ ስለ መሬት ይጠየቃል፤ መልሱ ይጻፋል፤ ጸሓፊውም ይሄዳል። ውጤቱን ግን ወደ ተጠያቂው መልሶ የሚያነብለት ጥቂት ነው። አንድ መጠይቅ የያዘ ሰው ከበራችሁ ቢደርስ፥ አክብራችሁ አስገቡት፤ የምታውቁትንም በእውነት ንገሩት። ነገር ግን እናንተም በበኩላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ያገኘኸውን መጥተህ ትነግረናለህ ወይ?» በሉት። በዚህ ጥያቄ የማያፍር ሰው በእርግጥ ለጥናት የመጣ ነው።