«የቴኒስ ክርን» በቡና አገር፦ የአንድ ሕመምና የሕክምናው ታሪክ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በተዘረጋው የቡና ምድር፣ በለቀማ ወራት በጤና ጣቢያ ለሚያገለግል ባለሙያ እንግዳ የማይሆን ሕመምተኛ አለ። ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ ይገባል። ገጀራ ማንሣት፣ ጆንያ መጎተት፣ አንዳንዴም ሲኒ መያዝ እንኳ እንዳቃተው ይናገራል። በክርኑ ውጫዊ በኩል ያለችውን የአጥንት ጉብታ ስንነካት ይሸማቀቃል። በካርዱ ላይ የምንጽፍለት ስም ታዲያ «የቴኒስ ክርን» የሚል ነው፤ ሰውየው በዕድሜው ራኬት ጨብጦ ባያውቅም።

የስሙ ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩንገ ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1873 ሲገልጽ ይጽፍ የነበረው በብዕር መጻፍ ስላቃታቸው ሰዎች ነው። ብሪታንያዊው ሻለቃ ዎልተር ዊንግፊልድ የሜዳ ቴኒስን በፓተንት ያስመዘገበው በማግሥቱ ዓመት በ1874 ስለሆነ፣ ሕመሙ ስሙን ካበደረው ጨዋታ ይቀድማል ማለት ነው። ጨዋታው በእንግሊዝ አገር ከተስፋፋ በኋላ ሞሪስ በ1882፣ ሜጀር ደግሞ በ1883 በዚያው አገር የሕክምና መጽሔቶች ላይ ሕመሙን ከቴኒስ ጋር አያያዙት፤ ስሙም በዚያው ጸና። በእኔ ግምት፣ ያን ጊዜ ሐኪም ፊት ቀርቦ ክርኑን ለማሳየት ጊዜና ገንዘብ የነበረው ተጫዋቹ ስለነበረ ነው። አጣቢዋና አናጢው በክርናቸው ስም አላተረፉም።

ለረጅም ዘመን ሕክምናው ዕረፍት ነበር። ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ የኮርቲዞንን ፈውስ በ1949 ለዓለም ካስታወቁ፣ ሆላንደርም በ1951 ሃይድሮኮርቲዞን በመገጣጠሚያ ውስጥ ሊወጋ እንደሚችል ካሳየ ወዲህ ግን መርፌው የዕረፍትን ቦታ ወሰደ። ሕመሙ በጥቂት ቀናት ስለሚበርድ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ተደሰቱበት።

በዚያው ዘመን ሌላ የአስተሳሰብ መስመር ጎን ለጎን ይጓዝ ነበር። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በልጅነቱ የሩማቲክ ትኩሳት ታሞ ክብደት በማንሣት ያገገመ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ የተጎዳን አካል በቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይበቃል የሚለውን ልማድ ትቶ ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ አሠራቸው፤ ውጤቱንም በ1945 አሳተመ። በ1948 ከዋትኪንስ ጋር ሥርዓቱን ወደ ሦስት ዙር አሳጠረው። ዛሬ በየጂምናዚየሙ የሚታየው አሠራር ከዚያ ሆስፒታል ዋርድ የወጣ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

የቴኒሱ ዓለም ይህን ትምህርት በራሱ መንገድ ደረሰበት። የአውስትራሊያው የዴቪስ ዋንጫ ቡድን መሪ ሃሪ ሆፕማን ተጫዋቾቹን በሩጫና በጂምናስቲክ ይፈትን ነበር። ሮድ ሌቨር በልጅነቱ የስኳሽ ኳስ እየጨመቀ ክንዱንና አንጓውን አጠነከረ፤ በ1962ና በ1969ም አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈ። በ1977 የታተመ የጆንስና የባልደረቦቹ ጥናት፣ የዕውቅ ተጫዋቾች የሚመቱበት የላይኛው ክንድ አጥንት ቅርፊት ከሌላው ክንድ በወንዶች 35፣ በሴቶች 28 ከመቶ ገደማ እንደሚወፍር አሳየ። አጥንትም ጅማትም በልክ ሲጫኑ ይጠነክራሉ፤ ከልክ ሲያልፍባቸው ይላላሉ። አሠልጣኞቹ ለእግር ቅልጥፍናና ለወገብ መተጣጠፍ የሚጨነቁትም፣ ኳስ ለመምታት ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛው ከእግርና ከወገብ ስለሚመነጭ፣ እነዚህ ሲደክሙ ሸክሙ ሁሉ በክርን ላይ ስለሚወድቅ ነው። በተዳፋት ላይ ቆሞ በገጀራ አረም የሚመነጥር ሰው ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የመርፌው ታሪክ ወደ ፍርድ የቀረበው ዘግይቶ ነው። ቢሴትና ባልደረቦቿ በ2006 ባሳተሙት ጥናት 198 ሕመምተኞችን በመርፌ፣ በፊዚዮቴራፒና እንዲሁ በመጠበቅ ለሦስት ከፍለው ተከታተሉ። በስድስተኛው ሳምንት መርፌው እጅግ የተሻለ መስሎ ታየ። በዓመቱ ግን በመርፌ ድነው ከነበሩት አብዛኞቹ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ተገኘ። በ2013 የታተመው የኩምብስ ጥናት ይህንኑ አጠናከረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ስቴሮይድ ከተወጉት 54 ከመቶ፣ የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 12 ከመቶ ብቻ አገርሽቶባቸዋል። እውነቱን ላለመሸሸግ፣ በ2006ቱ ጥናት ፊዚዮቴራፒ ያገኙትና እንዲሁ የጠበቁት በዓመቱ መጨረሻ እኩል ነበሩ። የፊዚዮቴራፒው ትርፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ማቅለሉ ነው።

በእኛ አካባቢ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በለቀመችው ኪሎ ልክ ለሚከፈላት ሴት «ስድስት ሳምንት ዕረፊ» ማለት የዓመቱን ገቢ ተዪ ማለት ነው። «ዶክተር፣ መርፌ ይውጉልኝና ልሂድ» ብትል አይፈረድባትም። ነርሱንም ጤና መኮንኑንም «ዶክተር» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ፣ መርፌ ያልወጋውን ባለሙያ እንዳከመው አይቆጥርም። ሆኖም የዘንድሮውን ለቀማ ያተረፈ መርፌ የሚቀጥለውን ሊያሳጣት እንደሚችል ሳንነግራት ብንወጋት ጥፋቱ የእኛ ነው።

አንገትንና ነርቭን መርምረን ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ የምናሳያት ነገር ወጪ የለውም። ክንዷን በጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ትጨብጥ። በደኅናው እጅ አንጓዋን ወደ ላይ ታንሣ፤ ከዚያ የታመመው እጅ ብቻውን በዝግታ ያውርደው። ዐሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሕመሙ ካልባሰ ውኃውን በየሳምንቱ ትጨምር፤ ዴሎርም በብረት ያደረገው ይኸው ነው። ቅርጫትም ሆነ ጆንያ ስታነሣ መዳፏ ወደ ላይ ይሁን፤ ገጀራውንም በሁለቱም እጆቿ እያፈራረቀች ትያዝ። ለክትትል ስትመጣ ጠርሙሱን ይዛ እንድትመጣ መንገር ነው፤ የውኃው መጠን የት እንደደረሰች ያሳየናል።