የቤት እንጨት አመራረጥ፤ ከአክሱም እስከ ካኩማ



ሰው በመጠለያ ጣቢያ ብዙ ዘመን ሲኖር ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ የእንጨት ስም ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ሸራና ቆርቆሮ ያውቃሉ፤ ጥድን ከዝግባ፣ ወይራን ከዋንዛ ለይቶ የሚያሳያቸው ግን የለም። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ዝርዝር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሕዝብ የሚያድርበትን ቤት በምን እንጨት እንደ ሠራ፣ ያን እንጨት ለምን እንደ መረጠ፣ እንጨቱም ባለቀ ጊዜ ምን እንዳደረገ ማወቅ ራሱ ታሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ በእጅ በምንጽፈው መጽሔታችን ስለ ቤት እንጨት አመራረጥ ባጭሩ እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው እንጨት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የግንብ ባልደረባ ነበር። በአክሱም የሚታዩት ትልልቅ ጥርብ ሐውልቶች ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስለው የተሠሩ ሲሆን በርና መስኮት፣ የእንጨት ጫፍ ሳይቀር ተቀርጾባቸዋል። ጠራቢዎቹ ድንጋዩን እንጨት አስመስለው መሥራታቸው በዚያ ዘመን የነበረው ታላቅ ቤት በድንጋይና በእንጨት ይታነጽ እንደ ነበር ያስረዳናል። ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚታየው ክብ የእንጨት ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ የቆመ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስም በዚሁ ሥርዓት ተሠርቷል። የደብረ ዳሞው ቤተ ክርስቲያን በ1948 እ.ኤ.አ. ዴሬክ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት መታደስ አስፈልጎታል፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ግን ዋሻው ከዝናብ ከልሎታል። እንጨትን ከዕድሜ ይልቅ እርጥበትና ምስጥ እንደሚጥሉት ከዚህ እንረዳለን።

ባላገሩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቤት ሲሠራ ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት እንጨት አይቆርጥም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እንጨቱ መሬት ይነካል ወይስ አይነካም ብሎ ነው። ምሰሶውና የግድግዳው ቋሚ በአፈር ውስጥ ስለሚተከሉ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ይሻሉ። ለዚህ በደጋና በወይና ደጋ የተመሰገነው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ልቡ ቀላ ያለ፣ ሽታ ያለውና ዘይታም ሲሆን ቁመናውም ቀጥ ያለ ነው። ወይራ ከጥድ ይልቅ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስለሚጎብጥ ረጅም ወራጅ አይወጣውም እንጂ ለአጭር ቋሚና ለባላ ተፈላጊ ነው። ዝግባ ረጅምና ለመጋዝ የሚመች በመሆኑ ለሳንቃና ለጣራ ያገለግላል፤ መሬት ውስጥ ከተተከለ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ዋንዛ ለመጥረብ ስለሚገራ ለበርና ለመስኮት፣ ለወንበርና ለከበሮ ይሆናል። ለማገር ደግሞ ቀጭንና ጠንካራ የሆነው ክትክታ ይቆረጣል። ሾላና ብሳና በጥላቸው ይመሰገናሉ፤ ለምሰሶ ግን አይመረጡም።

ከዚህም ሌላ በአንዱ ግንድ ውስጥ ልዩነት አለ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ እንጨት ለነቀዝና ለምስጥ ምግብ ይሆናል፤ ጠቆር ወይም ቀላ ያለው ልቡ ግን ይጸናል። ልጅ ጥድ ልቡ ገና ስላልሞላ የጥድ ስም እንጂ የጥድ ጉልበት የለውም። እንጨቱ ከተቆረጠም በኋላ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ በጥላ ሊደርቅ ይገባል። እርጥቡን ያቆመ ሰው ግድግዳው ሲጣመምና ምርጊቱ ሲሰነጠቅ ያያል።

ሁሉም ሕዝብ ግን ጥድና ወይራ አላገኘም። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይታቱታል። ምስጥ ቀርከሃ እንደሚበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቤቱን መጀመሪያውኑ በጣም ረጅም አድርገው ይሠሩታል። ሥሩ በተበላ ቁጥር የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያለ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ያላቸውን እንጨት ድካም አውቀው ቤቱን ለዚያ ድካም አዘጋጁት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መልካም እንጨት ለይቶ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመረጠው ዛፍ መኖር አለበት። በጥንት ዘመን የነገሥታት ከተማ የሠራዊት ሰፈር ስለ ነበረ በዙሪያው ያለው ደን ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣ ነበር። አዲስ አበባም በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ይኸው ችግር ደረሰባት። የእንጦጦና የአካባቢው ደን ተመነጠረ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም የተባለ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ሆኖም ከተማው ሳይነሣ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማውን በቦታው ካጸኑት ምክንያቶች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ሲሆን በ1890ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ገባ፤ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንዳስመጣው ይነገራል። በጥቂት ዓመት ለወራጅ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ችግኙ ታደለ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን ተደረገ። ባሕር ዛፍ እንደ ጥድ ምስጥን አይቋቋምም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ውሃም አብዝቶ ይጠጣል። ነገር ግን ሰው ለቤቱ የሚሆነውን እንጨት ከጫካ መጠበቁን ትቶ በጓሮው እንዲተክል አስተማረ። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው እንላለን።

ይህ ታሪክ እኛ ዛሬ ካለንበት ሁኔታ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የካኩማ ጣቢያ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ሰፈራው እንደ ጥንቱ የሠራዊት ሰፈር በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ደረቅ ምድር ላይ ያሰፈረ ነበር። ልዩነቱ የጥንቱ ሰፈር እንጨት ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ እኛ ግን ወደ ፈቀድነው ቦታ አንነሣም። ባለአገሩ ቱርካናም ዛፉን እንዲያው የበረሃ ዛፍ አድርጎ አያየውም። በወንዝ ዳር ያለው ግራር በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው፤ ይህንም መብት «ኤክዋር» ይሉታል። የግራሩ ፍሬ በድርቅ ወራት የፍየል መኖ ነው። ስለዚህ ለአንድ ምሰሶ ብሎ ግራር የሚጥል ሰው የሌላውን ሰው ጎተራ አፈረሰ ማለት ነው። በእንጨት ምክንያት የሚነሣው ጠብ ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ልንገነዘብ ይገባል።

ታዲያ ምን እንምረጥ? በዚህ አገር «ማተንጌ» የሚባለው እሾሃም ዛፍ ከውጭ መጥቶ ያለ ልክ የተስፋፋ ነው። ቀጥ ያለ ግንድ ማግኘት ያስቸግራል እንጂ ልቡ ጠንካራ ነው፤ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዶ፣ ወፈር ያለውን መርጦ፣ ልጦና አድርቆ ለአጭር ቋሚ ማዋል ይቻላል። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው እንጨት ለጣራው ብቻ ነው፤ የጣራው እንጨት መሬት ስለማይነካም ከምስጥ በቀላሉ ይጠበቃል። በየደጃችን ኒም ብንተክል ሙቀቱን ይችላል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ውሎ አድሮም ለወራጅ ይደርሳል።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። የሚቆርጥ ብዙ ነው፤ የሚተክል ግን ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቤት ሠርተው የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በየብሎኩ ልጆችን ሰብስበው የእንጨቱን ስምና ጠባይ ይንገሩልን፤ በየቋንቋቸው የተነገረውን እየጻፍን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን። ሁለተኛ፣ አንድ ምሰሶ ያቆመ ቤተሰብ አንድ ችግኝ ይትከል። የምንተክለው ዛፍ ለኛ ባይደርስ ከኛ በኋላ በዚህ ቦታ ለሚኖረው፣ ስደተኛም ይሁን ባለአገር፣ ጥላና ጣራ ይሆነዋል።