የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ አመራረጥ (ጣና ሐይቅ)

የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ አመራረጥ በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ ዓሣው በሚዋኝበት ጥልቀት፣ በዓሣው መጠን እና አጥማጁ ባለው ጀልባ። በጣና ሐይቅ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በመግባታቸው የማጥመጃው ዓይነት ተለውጧል። ለውጡ ምርትን ከፍ ቢያደርግም በሐይቁ ብቻ የሚገኙ ዓሦችን ለአደጋ አጋልጧል።

ሐይቁና ዓሦቹ

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት ትልቁ ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነፋስ ውሃውን ስለሚያማስለው ኦክስጅን ወደ ታች ይደርሳል፤ በዚህም ምክንያት ዓሦች ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ ይኖራሉ።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ ይበዛል። አምባዛ ወደ ወለሉ ያዘነብላል። ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን በጣና ከ15 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ መካከል ላቢዮባርበስ ማክሮፍታልመስ ከዳርቻ ርቆ በጥልቁ ውሃ ይኖራል። ስሙም «ባለ ትልቅ ዓይን» ማለት ነው።

መረብና ጥልቀት

በጣና በብዛት የሚሠራበት በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ዓሣውን በስንጥቡ (በመተንፈሻው) የሚይዝ መረብ ነው። በላይኛው ጠርዝ ተንሳፋፊ፣ በታችኛው ጠርዝ እርሳስ ወይም ሌላ ክብደት ይታሰርበታል። ተንሳፋፊው ከበረታ መረቡ ከውሃው ገጽ ላይ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ ከበረታ ወለሉ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አንዱ መረብ ለላይኛውም ለታችኛውም ውሃ ሊዘጋጅ ይችላል።

የመረቡ ቀዳዳ ስፋት ደግሞ የሚያዘውን ዓሣ መጠን ይወስናል። የሚለካውም ቀዳዳው ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ገና ያልወለዱ ትንንሽ ዓሦችን ሲይዝ ሰፊው ያሳልፋቸዋል።

ታንኳና የሞተር ጀልባ

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ አጥማጆች፣ በተለይም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድና ታንኳው በማዕበል ስለሚቸገር ሥራው በአብዛኛው ከዳርቻ ብዙ አይርቅም ነበር። የሞተር ጀልባ ግን አጥማጁን ወደ መሐል ሐይቅና ወደ ወንዞች መግቢያ አደረሰው።

በሌላው ዓለም

በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ቀዝቃዛው ጥልቀት ይወርዳል። እዚያ የመዝናኛ አጥማጆች በሚንቀሳቀስ ጀልባ ኋላ ክርና ማታለያ ይጎትታሉ። ማታለያው እንዲጠልቅ የእርሳስ ክብደት ወይም ውስጡ እርሳስ የሆነ ክር ይጠቀማሉ። በክብደት የሚጎተት ማታለያ ጀልባው ሲፈጥን ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲዘገይ ይወርዳል። ቀጭን ክርም ውሃው ብዙ ስለማይገፋው ከወፍራም ክር የበለጠ ያስጠልቃል። ጣና ግን ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ቀላል ክብደት ያለው መረብ ወለሉን ይነካል፤ ዓሣው ከመረብ የሚሸሸግበት ጥልቀት የለውም ማለት ይቻላል።

በዓሣ ሀብት ላይ ያስከተለው ጉዳት

ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተካሄደ ጥናት የላቢዮባርበስ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የተወሰኑት የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በክረምትና በክረምቱ መውጫ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ከወንዞቹም ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ እና ከምዕራብ ጎጃም ሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ይገኙበታል። በዚያ ወቅት ዓሦቹ በወንዝ አፍ ስለሚሰበሰቡ አንድ መረብ ብዙ እናት ዓሦችን በአንድ ጊዜ ይይዛል።

በዚህ ምክንያት የቀዳዳውን ስፋት መወሰን ብቻውን አይበቃም። ሰፊ ቀዳዳ ትንንሾቹን ቢያድንም እንቁላል የያዙትን ትልልቆች ይይዛል። እነርሱን የሚጠብቃቸው በመራቢያ ወቅት የወንዝ አፎችን ከመረብ ነፃ ማድረግ ነው። ዘግይቶ የተስፋፋው በውሃ ውስጥ የማይታይ ቀጭን የላስቲክ ክር መረብም ጫናውን አባብሶታል፤ ተቆርጦ ሲቀር ቶሎ ስለማይበሰብስ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ይመራል።