ስለ ጋራ ቤትና ስለ ሥርዓቱ

የሰው ልጅ ከባልንጀራው ጋራ ይኖር ዘንድ የተፈጠረ ነው፤ ነገር ግን አብሮ መኖር ያለ ሥርዓት እንዳይጸና የአበው ታሪክ ያስረዳል። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖርበት፥ ደረጃውና ግቢው የሁሉ፥ ክፍሉ ግን የእያንዳንዱ የሆነ ቤት ከበዛ ወዲህ፥ ይህ ታሪክ ለመነኮሳት ብቻ ሳይሆን ለከተማ ሰውም ይጠቅማል።

አባ ጳኵሚስ በላይኛው ግብጽ ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ ነው። በወጣትነቱ ለሮም ጭፍራነት ተይዞ ሲወሰድ፥ በተዘጋበት ቤት የማያውቃቸው ክርስቲያኖች ምግብ ይዘው መጡለት። በደግነታቸው ተደንቆ፥ ከጭፍራነት በተሰናበተ ጊዜ ተጠመቀ፤ ከባሕታዊው ከአባ ጰላሞን ዘንድም ምንኵስናን ተማረ።

ከዚህ በኋላ ወደ እርሱ የመጡትን ሰዎች ሰብስቦ ማኅበር አቆመ። የፊተኛው ሥርዓቱ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ በእጁ ሥራ ራሱን ይችላል፥ ለምግብና ለእንግዳ መቀበያ የሚሆነውን ድርሻውን ግን ያዋጣል፤ እርሱም የተዋጣውን ተቀብሎ ያስተዳድርላቸዋል፥ እንደ አገልጋይም ሆኖ ይታዘዛቸዋል። እነርሱ ግን ትሕትናውን እንደ ድካም ቈጠሩበት፤ ናቁት፥ ተዘባበቱበትም። አራት አምስት ዓመት ያህል ታግሦ፥ በመጨረሻ ሥርዓት ይቀበሉ ዘንድ ቢነግራቸው እንቢ ስላሉ አሰናበታቸው። ፍቅር ነበረ፥ መዋጮም ነበረ፤ ሁሉን እኩል የሚያስገድድ ሕግ ግን ስላልነበረ ማኅበሩ ፈረሰ።

እንግዲህ በ320 ዓመት ግድም በፈረንጆች አቈጣጠር በታቤኒሲ የተተከለው ገዳም በሌላ መሠረት ላይ ቆመ። መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፈሉ፥ ለየቤቱም አለቃ ተሾመለት፤ የጸሎት፥ የሥራና የማዕድ ሰዓት ተወሰነ፤ ማንም ይህ የእኔ ነው የሚለው ገንዘብ እንዳይኖረው ተደነገገ። ሆኖም ሕጉ ምሕረትን አልረሳም፤ ለበሽተኛ የተለየ እንክብካቤ አዘዘ። አባ ጳኵሚስ በ346 ግድም ሲያርፍ ዘጠኝ የወንዶችና ሁለት የሴቶች ገዳማት ነበሩ። ሄሮኒሞስም በ404 ሥርዓቱን ወደ ላቲን መለሰው።

ይህ ሥርዓት በግእዝ ተተርጕሞ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ የአባ ጳኵሚስን መንገድ ይዘው ደብረ ዳሞን እንደ ገደሙ አበው ያስተምራሉ። ወደ ደብሩ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ገመዱም የማንም ያይደለ የሁሉ ነው። የኢትዮጵያ ገዳማት በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ሥራቸውና ማዕዳቸው አንድ የሆነ የአንድነት ገዳም ይባላሉ፤ መነኮሳቱ በአንድ ደብር ሳሉ እያንዳንዱ በበአቱ ለራሱ የሚኖርባቸው ደግሞ የቍሪት ገዳም ይባላሉ።

የከተማው የጋራ ቤት ከሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው የጋራ ባለቤትነት ማለት ነው። ከበር ወደ ውስጥ ቍሪት ነው፤ ከበር ወደ ውጭ አንድነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ደርብን ወይም ክፍልን ለየብቻ ስለ መያዝ ደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ወደ መንግሥት ከዞሩ በኋላ ግን የብዙ ሰው ኑሮ በኪራይ ቤት ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 370 ነገሩን አሰፋው፤ እያንዳንዱ ባለቤት ከክፍሉ ሌላ በጋራው ንብረት ድርሻ እንዲኖረው፥ ባለቤቶቹም ማኅበር አቁመው መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ፥ ለጋራው ወጪም እንዲያዋጡ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት የቤት ሥራ ተጀመረ፤ ቤቶቹም በዕጣ ይታደሉ ጀመር።

ማትያስ በዕጣ ከሐዋርያት ጋራ እንደ ተቈጠረ፥ የቤቱም ዕጣ ሰውን ካልመረጠው ጎረቤት ጋራ ቈጠረው። በአንድ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ሰዎች ወደ ልዩ ልዩ ዳርቻ ተበተኑ፤ ብዙዎች የቀድሞውን ዕድራቸውን ላለመተው ከሩቅ እየተመላለሱ ቀብርና ለቅሶ ደረሱ። ቤቶቹን ያቀዱትም የአገሩን ልማድ አስበው፥ ከሕንፃዎቹ አጠገብ እንጀራ የሚጋገርበት፥ ከብት የሚታረድበት የጋራ ቤት አሠሩ። ሥፍራው ግን ሰውን ባልንጀራ አያደርገውም።

ዛሬ በየሕንፃው የሚሰማው ሙግት በታቤኒሲ አስቀድሞ የነበረው ነው። አንዱ የውሃ መሳቢያው ሲበላሽ ይጮኻል፥ መዋጮ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ሌላው የጋራውን ጓሮ አጥሮ የራሱ ያደርጋል። ያለ ደመወዝ ሒሳብ የሚይዘውና ደረጃውን የሚያስጠርገው የኮሚቴ ሰው፥ አባ ጳኵሚስ ከፊተኞቹ ወገኖቹ ያገኘውን ንቀት ያገኛል፤ በተሰለቸ ጊዜም ይተወዋል፥ የሚተካውም ይታጣል። ማኅበሩ የባለቤቶች ስለ ሆነ ተከራዩ በአንዱ ደረጃ እየወጣና እየወረደ በምክሩ አይቀመጥም፤ ካልተጠየቀም እንደ እንግዳ ይኖራል።

ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት የራሳቸው የሆነውን መሬት ስለ ያዙ አይደለም፤ ለማኅበሩ ሰጠን ብለው ስለ ደበቁ ነው እንጂ። በጋራ ቤትም የራስን መያዝ ነውር የለበትም፤ የጋራውን መስረቅና ድርሻን መደበቅ ግን ጣራውን ከሁሉ ላይ ያፈርሳል። ስለዚህ ደንብ የወጣለት ማኅበር ደንቡን ያክብር፤ የሚያገለግለውንም ሰው አይናቀው። ሕግ ያለ ፍቅር ሸክም ነው፤ ፍቅርም ያለ ሕግ እንደማይቆም አባ ጳኵሚስ አምስት ዓመት ደክሞ አስተምሯል።