ከድርቆሹ ክምር በስተጀርባ፦ «አሳሲንስ ክሪድ» የደበቀው ታሪክ



ጌም ቤት ያደገ ሁሉ ይቺን ትዕይንት ያውቃታል። ነጭ ቆብ የደፋው አልታኢር ከመስያፍ ምሽግ አናት ላይ ይቆማል፣ የቴምፕላር ጦረኞች ከታች ሽቅብ ያዩታል፣ እጁን ዘርግቶ ይወረወራል። የሚያርፈው ድርቆሽ ላይ ነው።

ዝላይዋ የጌም ሰሪዎቹ ፈጠራ አይደለችም። የመስቀል ጦረኞች ወገን ጸሐፊዎች ያወሩት ተረት አለ። ሄንሪ የተባለው የሻምፓኝ መስፍን የኒዛሪ ኢስማዒሊያዎችን መሪ ሊጎበኝ ይሄዳል። መሪው የተከታዮቹን ታዛዥነት ሊያሳየው ምልክት ሲሰጥ፣ ሁለት ሰዎች ከግንብ ራሳቸውን ወርውረው ሞቱ ይላል ተረቱ። የታሪክ ምሁራን አይቀበሉትም። ጌሙ ቢያንስ ከሥር ድርቆሽ አንጥፎላቸዋል!

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ይህ ጌም መጀመሪያ የተወጠነው የ«ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» አንድ ክፍል ሆኖ ነበር። ታሪኩ በ1191 ላይ ይቆማል፤ ሰላሁዲን አል-አዩቢ (ረሒመሁላህ) ቁድስን ካስመለሱ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አልታኢርን የሚያዘው «አል-ሙዓሊም» የተሳለው በሶሪያ የኒዛሪዎች መሪ ከነበረው ከራሺዱዲን ሲናን ነው። የሲናን ሰዎች ሰላሁዲንን ሁለት ጊዜ ሊገድሏቸው ሞክረዋል፤ እሳቸውም በ1176 መስያፍን ከበው ነበር፣ በኋላ ግን ተመለሱ።

እኔን የሚከነክነኝ መፈክራቸው ነው። እውነት የሚባል ነገር የለም፣ የተከለከለም የለም የሚለው። ስንቱ ወንድማችን ይህን የድሮ ሙስሊሞች ቃል አድርጎ ይዞታል! ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ በ1887 መጽሐፉ የእነሱ መፈክር አድርጎ ጠቅሶታል። ስሎቬኒያዊው ቭላዲሚር ባርቶልም በ1938 «አላሙት» በተባለ ልቦለዱ ደገመው፤ ጌሙም ከዚህ ልቦለድ መነሻ ወስዷል። ባርቶል የጻፈው ፋሺዝም አውሮፓን ባጥለቀለቀበት ዘመን ሲሆን፣ መጽሐፉን በምጸት ለሙሶሎኒ ማስታወሻ ሊያደርገው አስቦ ነበር። አዎ፣ እኛኑ ለወረረው ሙሶሎኒ።

የሐሺሹ ወሬም እንዲሁ ነው። «ሐሺሺያ» ተቃዋሚዎቻቸው ያወጡላቸው የስድብ ስም ነበር። ስሙ ወደ አውሮፓ ሲሻገር «አሳሲን» ሆነ፤ በዕፅ የሰከሩ ወጣቶችንና የምስጢር አትክልት ስፍራውን ተረት ደግሞ ማርኮ ፖሎ አዛመተው። በአቂዳ ከእነሱ ብንለይም ያልሠሩትን አንለጥፍባቸውም።

መስያፍ ዛሬም ከሐማ በስተምዕራብ ቆሟል። ያሳደሰውም የኒዛሪዎቹ ኢማም የአጋ ኻን ተቋም ነው።