ሳይገናኙ አብሮ መሥራት፤ የሊኑክስ ሠራተኞች ልማድ ከ1991 እስከ 2005

በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ፥ አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚነቃ ሰዎች አንድን ሥራ ተባብረው ለመፈጸም የቻሉት ኢንተርኔት መልእክትን ስላፋጠነ ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። አስተያየቱ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። መልእክት ቶሎ መድረሱ ብቻውን ተቀባዩ ቶሎ እንዲያነበው፥ አንብቦም እንዲረዳው አያደርግም። እንግዲህ መልስ ሰጪው በሌለበት ሰዓት ሥራው እንዳይቆም ያደረገው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆነን ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ከርነል ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፥ ኦገስት 25 ቀን 1991 ስለ ሥራው በኮምፒዩተር መረብ አስታወቀ፤ ለመዝናኛ ያህል የጀመረው መሆኑንም ገለጸ። በሴፕቴምበር የወጣው የመጀመሪያው እትም ወደ 10,000 መስመር ነበር። በማርች 1994 የወጣው 1.0 ግን ከ170,000 መስመር በላይ ሆነ። ከረዳቶቹ መካከል በዌልስ ይኖር የነበረው አለን ኮክስ አንዱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ይላላኩት የነበረው ሙሉውን ጽሑፍ አልነበረም። ዲፍ የተባለው ፕሮግራም አሮጌውንና አዲሱን ጽሑፍ አስተያይቶ፥ የተሰረዘውን መስመር በመቀነስ ምልክት፥ የተጨመረውን በመደመር ምልክት ለይቶ ያወጣል፤ በዙሪያው ያሉትንም ጥቂት መስመሮች አብሮ ይሰጣል። ላሪ ዎል በ1985 የጻፈው ፓች ደግሞ ይህን ለውጥ በተቀባዩ ቅጂ ላይ ይፈጽማል። የዙሪያው መስመሮች ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የተቀባዩ ቅጂ በመካከሉ ጥቂት ቢለወጥ እንኳ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ላኪው ከለውጡ ጋራ ምክንያቱን ከጻፈ፥ ተቀባዩ ከሦስት ቀን በኋላ ቢከፍተውም ማንንም ሳይጠይቅ ሊፈርድ ይችላል። በእኔ አስተያየት ከመልእክቱ ፍጥነት ይልቅ ሥራውን ያቆመው ይህ ራሱን የቻለ ወረቀት ነው።

ነገር ግን ወረቀቱ ቢበዛም የመጨረሻው አንባቢ አንድ ሰው ነበር። ቶርቫልድስ ያላነበበው ለውጥ ሳይመለስለት ይጠፋል፤ ላኪውም ተንቆ ይሁን ተረስቶ አያውቅም፤ ደግሞ ደጋግሞ ከመላክ በቀር መንገድ የለውም። የሰው ድካም እንዲህ በከንቱ ሲቀር ቅሬታ መነሣቱ አያስደንቅም። በ1998 ጠብ እስኪመስል ድረስ ተከራከሩበት። በ1992 ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በጃንዋሪ 2002፥ ሮብ ላንድሊ ለውጦችን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ይሾም ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ቢትኪፐር የተባለውን የላሪ ማክቮይ ኩባንያ መሣሪያ መጠቀም ጀመረ። ሥራው ተፋጠነ፤ ዳሩ ግን ነፃ የሆነው ከርነል የአንድ ኩባንያ ፈቃድ ጥገኛ ሆነ። ይህ ያሰጋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሥጋታቸውም እውነት ሆኖ ተገኘ። አንድሩ ትሪጅል የመሣሪያውን አሠራር በራሱ መንገድ መርምሮ ሌላ ፕሮግራም ለመሥራት በመነሣቱ፥ ኩባንያው በኤፕሪል 2005 የነፃ ፈቃዱን አነሣ።

ቶርቫልድስም ጊትን መጻፍ ጀመረ፤ ጥቂት ቀን ሳይሞላም ጊት የራሱን ታሪክ ሊመዘግብ ቻለ። እዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራውን ታሪክ በሙሉ በእጁ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ ባለ 40 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። ስለዚህ ከመረብ የተለየ ሰው እንኳ መሥራትና መመዝገብ ይችላል፤ የሁለት ሰዎች ሥራ ኋላ ሲገናኝም የጋራ መነሻቸው ይታወቃል። ለውጡ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳየው የፊርማ መስመር ግን ከጊት ይቀድማል፤ በ2004 የገባ ነው፤ ምክንያቱም ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ በ2003 ያስነሣው የባለቤትነት ክስ ነበር።

በጁን 2005 የወጣው 2.6.12 በጊት ተይዞ የወጣ የመጀመሪያው እትም ነው። በጁላይ ቶርቫልድስ የጊትን ኀላፊነት ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ። የከርነሉ ለውጥ ግን ዛሬም አብዛኛው በዲፍ መልክ ተጽፎ፥ ምክንያቱ ከላይ ሰፍሮ፥ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ይላካል።